ከቡሬ ገበዝ ማርያም በሠላሳ አራት ደቂቃ

ኪሎ ሜትር የሚባለው ነገር ውሸት ነው! አዎ፣ ደግሜ እላለሁ፤ ውሸት ነው። እኛ ርቀትን የምንለካው በአገጭና በትንፋሽ ነው። መንገድ ላይ አንድ ገበሬ አቁማችሁ "እገሌ ቀበሌ ሩቅ ነው?" ብትሉት አገጩን ወደ ማዶ ቀና አድርጎ "ያውና!" ይላችኋል። "ያውና" አጭር ከሆነች የሩብ ሰዓት መንገድ ናት። "ያውናአአ" ካለ የጫማችሁን ማሰሪያ አጥብቁ። "ያውናአአአአ..." ብሎ ትንፋሹ እስኪያልቅ ከጎተታት ግን ስንቅ ያዙ፤ ቤተሰብም ተሰናበቱ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ስልክ አምኜ ጉድ የሆንሁት።

ለማያውቁኝ፦ ቋሪት ወረዳ፣ ገበዝ ማርያም ላይ ስልክ እጠግን ነበር። ጎን ለጎን ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ በመሀል ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። ያነበቡ ሰዎች "ያስታውቃል" ይላሉ።

ከትርንጎ ጋር የተዋወቅነው ፍኖተ ሰላም ነው። እኔ የራሴን ሱቅ ከመክፈቴ በፊት እዚያ ተቀጥሬ እሠራ ነበር፤ እሷ ከቡሬ መጥታ ልብስ ስፌት ትማር ነበር። በአንድ ወር ውስጥ የስልኳ መስታወት ሦስት ጊዜ ተሰበረ። የመጀመሪያው አደጋ ነው፤ እሺ። ሁለተኛውም ይሁን። ሦስተኛውን ግን ሆን ብላ ነው የሰበረችው ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ። እሷ ደግሞ "አንተ ነህ በደንብ ያልገጠምኸው" ትላለች። ብቻ እሷ ትምህርቷን ጨርሳ ቡሬ ገባች፣ እኔም አገሬ ተመልሼ ከእናቴ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ከፈትሁ፣ ሽማግሌ መላክም ግድ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው የትርንጎ አባት አቶ ቢያድግልኝ የሚመጡት። ከቡሬ ወጣ ብለው የሚያርሱ፣ ሲቆጡ በአገውኛ፣ ሲቀልዱ በአማርኛ የሚናገሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አላቸው፤ ሩቅ አገር ልጅ አይድሩም። ትልቋን ልጃቸውን ቆላ ድረው ነበር። "ወለደች" ሲባሉ ተነሡ። ወንዝ ሞላ፣ መኪና ጠፋ፣ አዝመራ ደረሰ፣ ከብት ታመመ... "አራስ ልጠይቅ ብዬ ወጥቼ ሕፃኑ በእግሩ ሮጦ ተቀበለኝ" ይላሉ። ይህን ሲሉ ሰው ይስቃል፤ እሳቸው ግን አይስቁም።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጡ። ትርንጎ የምትዳረው ጠዋት ከቤታቸው ወጥተው፣ እሷን አይተው፣ ከብቶቻቸው ከመስክ ሳይገቡ የሚመለሱበት ቦታ ብቻ ነው። አንድ የዱርቤቴ ነጋዴ ጠይቆ "ሩቅ ነህ" ተብሎ ተመልሷል። ዱርቤቴ እኮ አስፋልት ዳር ናት! እኔ ጋ ለመምጣት ግን ከቡሬ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ጅጋ፣ ጅጋ ላይ ከአስፋልቱ ተሰነባብቶ ሽቅብ በጠጠር መንገድ መንገጫገጭ ነው። በአቶ ቢያድግልኝ ሕግ እኔ ከመጠየቄ በፊት የወደቅሁ ሰው ነበርሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ጠፍቶ ተቀምጬ ስልኬን "ከቡሬ ገበዝ ማርያም ምን ያህል ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። አንድ የፈረንጅ ድረ ገጽ ከፈተልኝ። የዓለምን ከተሞች ሁለት ሁለት እያደረገ የሚያጋባ ድረ ገጽ ነው። ቡሬንና ገበዝ ማርያምንም አጋብቷቸዋል! ያለ ሽማግሌ፣ ያለ አባት ፈቃድ... በመካከላቸው ቀጥ ያለች ቀይ መስመር አስምሮ "የበረራ ርቀት" ብሎ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያልሞላ ቁጥር ጽፏል። ከሥሩ "የበረራ ጊዜ፦ ሠላሳ አራት ደቂቃ"። ከዚያም በደቂቅ ፊደል ማብራሪያ፦ ሠላሳው ደቂቃ ለመነሣትና ለማረፍ፣ አራቱ ለመብረር።

አስቡት እስቲ! ቡሬ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ገበዝ ማርያም አውሮፕላን የምታየው አንጋጣ ነው። ድረ ገጹ ግን ቅንጣት አላፈረም። እኔም አላፈርሁም።

ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ገጹን ወደ አማርኛ መለስሁና በሚያምር ፊደል አትሜ አወጣሁት። "የበረራ" የምትለዋ ቃል መስመሩን ስላበላሸችብኝ ቆረጥኋት። ገጣሚ ነኝ፤ የረዘመ መስመር አልወድም። "ከቡሬ ገበዝ ማርያም፣ ጊዜ፦ ሠላሳ አራት ደቂቃ" የሚል አጭር፣ ጥርት ያለ ነገር ቀረ። በዚህ አላበቃሁም። ማኅተም የሌለው ወረቀት በእኛ አገር ወረቀት አይደለም፤ መጠቅለያ ነው። ስለዚህ የፎቶ ኮፒ ቤቴን ክብ ማኅተም ግርጌው ላይ አሳረፍሁበት። ከሩቅ ሲያዩት የወረዳ ደብዳቤ ይመስላል።

ሽማግሌዎቼን የሚመሩት የአጥቢያችን መሪጌታ እንየው ነበሩ። ወረቀቱን ስሰጣቸው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

"ሠላሳ አራት ደቂቃ? እኔ በቀደም ከጅጋ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።"

"ሳይንስ ነው፣ መሪጌታ።"

"እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽልህም። ወረቀቱ ራሱ ይናገር፤ እኔ ተሸክሜው እሄዳለሁ።"

ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ስለዚህ እኔ ቡሬ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሻይ በላይ በላዩ እጠጣለሁ። ስድስተኛው ብርጭቆ ላይ መሪጌታ ከሁለቱ ጓደኞቻቸው ጋር መጡ። ፊታቸው አይነበብም። ከመቀመጣቸው አፈጠጥሁባቸው።

"ምን አሉ?"

"ቆመን ጠየቅን። ሰባት ቤት ቆጠሩ፤ ዝምድና የለም፣ እሰይ አልን። ቀጥለው 'ልጁ ወዴት ነው የሚኖረው? ስንት ሰዓት ያስኬዳል?' አሉ። ወረቀትህን ሰጠኋቸው።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"አነበቡት። ገለበጡት። ጀርባውን አዩ። ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱትና 'ማኅተም ካለውማ ምን እላለሁ! ነገ ጠዋት ከልጁ ጋር ሄጄ አገሩን አይቼ፣ ከብቶቼ ሳይገቡ እመለሳለሁ። መልሴንም ያኔ ትሰማላችሁ' አሉ።"

የሴት አባት መልስ ሳይሰጥ የጠያቂውን አገር ሊያይ ሲሄድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም።

"መሪጌታ፣ እርስዎም ነገ አብረውን ይሄዳሉ አይደል?"

"እኔማ አሁን ነው የምነሣው" አሉ ዱላቸውን እያነሡ። "ነገ እንግዳ ይመጣል ብዬ ለእናትህ መንገር አለብኝ። ዛሬውኑ ከተነሣሁ ነገ እደርስ ይሆናል።"

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ቡሬ መናኸሪያ ተገኘሁ። አቶ ቢያድግልኝ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ቀድመውኛል። ትርንጎ ልትሸኛቸው መጥታለች። ወደ ጎን ሳብ አድርጋ ጆሮዬ ሥር፦

"ምንድን ነው የጻፍኸው አንተ?"

"ግጥም በይው።"

"ግጥም ላይ ማኅተም ይደረጋል?"

አባቷን ተከትዬ ሄድሁ። ሚኒባስ ውስጥ ገባን። የተራ አስከባሪው ድምፅ ግቢውን ሞልቶታል፤ "ፍኖተ ሰላም! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!" እናንተም ታውቁታላችሁ ይህን አንድ ሰው። ከተወለድን ጀምሮ የሚጠበቅ፣ ማንም አይቶት የማያውቅ፣ አንድ ሰው። ይመጣና ይቀመጣል፤ ወዲያው ሌላው ውኃ ልግዛ ብሎ ይወርዳል፤ እንደገና አንድ ሰው!

አቶ ቢያድግልኝ በመስኮት ሲያዩ ቆዩና ወደኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ስንት ደቂቃ ሆነ?"

ስልኬን አየሁ። ፈጣሪ ሲጫወትብኝ፣ ልክ ሠላሳ አራት ሆኗል።

"ሠላሳ... አራት ገደማ።"

"እሰይ፣ ደረስና! በል እናትህን ጥራልኝ፣ ሰላም ልበላቸው።"

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ሰዎቹ ነገሩን አያውቁትም፤ ግን የሰው ፊት ሲቀላ ማንም ያውቃል። አቶ ቢያድግልኝ አልበቃቸውም፤ አንገታቸውን አውጥተው ተራ አስከባሪውን ጠሩት።

"አያ! ይኸ አንድ ሰው የምትለው ማን ነው? እሱም ሽማግሌ ካልተላከበት አይመጣም እንዴ?"

ብቻ ተነሣን። ፍኖተ ሰላም ወርደን ሌላ መኪና፣ ሌላ አንድ ሰው፣ ሌላ ሳቅ... ረፋዱ ላይ ጅጋ ገባን። ገበያ ነበር። መንገዱ በአህያ፣ በበግና በጤፍ ጆንያ ተዘግቷል። የገበዝ ማርያሙን መኪና አገኘነው፤ ባዶ ነው። ሾፌሩ ጥላ ሥር ሽንኩርት እየመረጠ ነበር።

"መቼ ነው የምትነሣው?"

"ገበያው ሲፈታ ነዋ! ሰዉ ሁሉ ገበያ ውስጥ ነው። ማንን ልጫን?"

እውነቱን ነው። የእኛ መኪና በሰዓት አይደለም የሚሄደው፤ ሰው በጉን ሸጦ ጨውና ሳሙናውን ሲይዝ ነው የሚሄደው። ይህንንም ድረ ገጹ አልጻፈውም። ዞር ስል... ከመኪናው ጎማ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ፣ በጋቢ የተጠቀለሉ ሰው ተቀምጠዋል። መሪጌታ እንየው!

"መሪጌታ! ደርሰው መስሎኝ!"

"እየደረስሁ ነው" አሉ በእርጋታ።

ትናንት የተነሡት ሰውዬ ጅጋ ላይ አድረው ጠበቁን። አቶ ቢያድግልኝ መሪጌታን በትሕትና እጅ ነሥተው፣ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ጭናቸው ላይ ዘረጉት። አላስቻለኝም። ፊታቸው ቆምሁ።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ጎድሏል።"

"የቱ ቃል?"

"'የበረራ' የሚል።"

"የምን በረራ?"

"የአውሮፕላን።"

"ገበዝ ማርያም አውሮፕላን ያርፋል?"

"አያርፍም።"

"ከቡሬስ ይነሣል?"

"አይነሣም።"

"ታዲያ ማነው የበረረው?"

"ማንም አልበረረም፣ አባባ። ሒሳብ ነው።"

ወደ መሪጌታ ዞሩ። መሪጌታ ሰማይ ሰማዩን እያዩ "እኔ ተሸካሚ ነኝ" አሉ።

አቶ ቢያድግልኝ ስልካቸውን አውጥተው ወደ ሚስታቸው ደወሉ። በአገውኛ ነው የሚያወሩት፤ እኔ አንድም አይገባኝም። በመሀል ግን "ሠላሳ አራት ደቂቃ" የምትል በአማርኛ ብቅ ትልና ከወዲያ በኩል ሳቅ ይፈነዳል። እንደገና ወሬ፣ እንደገና ሠላሳ አራት ደቂቃ፣ እንደገና ሳቅ። አጠገባችን የታሰረ በሬ ሳይቀር ዞሮ አየኝ።

ትርንጎን ያን ጊዜ በልቤ ተሰናበትኋት። የመለያየት ግጥም ሁሉ ጀምሬ ነበር፤ ሁለት ስንኝ እንደሄድሁ መኪናው ጡሩምባ ነፋ።

ከጅጋ ወደ ላይ ያለውን መንገድ ለሄደበት ሰው አልነግረውም፤ ያልሄደበትም አያምነኝም። ይታጠፋል። ደግሞ ይታጠፋል። አቶ ቢያድግልኝ ከፊት ወንበር ሆነው በየመታጠፊያው ይጠይቁኛል።

"አውሮፕላኑም እዚች ጋ ይታጠፋል?"

"ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ አባባ።"

"እኛስ ለምን ቀጥ አንልም?"

"ገደል ነው።"

"ገደሉን ወረቀቱ ላይ አላየሁትም።"

መሀል መንገድ ጎማ ተነፈሰ። ሁላችን ወረድን። ጎማው እስኪቀየር አቶ ቢያድግልኝ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆመው የመጣንበትን ቁልቁል ያያሉ። ቀልድ ሊጨምሩብኝ ነው ብዬ ጠጋ አልሁ።

"ትልቋ ልጄ ያለችበት፣ በየት በኩል ይሆን?" አሉ ዓይናቸውን ከቁልቁሉ ሳይነቅሉ።

አገጬን ወደ ቆላው አቀናሁ። "ያውና" ልል ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።

ገበዝ ማርያም ስንገባ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ከብቶች ከመስክ እየገቡ መንገዱን ሞልተውታል። መኪናው ቆመላቸው። አቶ ቢያድግልኝ ላሞቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ በዓይናቸው ሸኟቸው። ከዚያ የእኔን ተስፋ የምትቀብር አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤

"የእኔም አሁን ገቡ።"

እናቴ በር ላይ ናት። መሪጌታ ሊያደርሱ የተነሡት መልእክት እንዳልደረሳት ከፊቷ ያስታውቃል፤ መልእክተኛው ከእኛው ጋር ከመኪናው እየወረዱ ነው። ቢሆንም ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፣ ለእግራቸው ውኃ አሞቀች፣ ያለውን አቀረበች። አቶ ቢያድግልኝ በሉ፣ መረቁ፣ አወጉ። ስለ ትልቋ ልጃቸው ሲነግሯት እናቴ "እኔም ያለኝ ይኸ ብቻ ነው" ብላ ወደኔ ጠቆመች። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ የራሴን ፍርድ እጠብቃለሁ። ያን ዕለት አልፈረዱም።

ጠዋት መኪናው ሊነሣ ሲል (አንድ ሰው ነበር የቀረው) እኔን፣ እናቴንና መሪጌታን አቆሙን። ወረቀቱን አወጡ።

"ይህን የጻፍኸው አንተ ነህ?"

"አዎ።"

"ማኅተሙስ?"

"የእኔው ነው።"

"'ከቡሬ ገበዝ ማርያም ሠላሳ አራት ደቂቃ' ይላል። ይላል አይልም?"

"ይላል... ግን አባባ፣ ትናንት እንደነገርሁዎት..."

"የነገርኸኝን ተወው። እሱ ቃል ብቻ ነው፤ ይኸ ግን ማኅተም አለው። እኔ ስንት ፈጀብኝ?"

"ሙሉ ቀን።"

"ነገሩ እንግዲህ ግልጽ ነው። ለእኔ ሙሉ ቀን ነው፣ ላንተ ሠላሳ አራት ደቂቃ። መመላለስ የሚገባው ለማን ነው? ለቀረበው! ልጄን ሰጥቼሃለሁ። የምትኖሩት ግን ቡሬ ነው። እናትህን በየሳምንቱ እየመጣህ ትጠይቃለህ። ሠላሳ አራት ደቂቃ ምን አላት!"

መሪጌታ "ፍርድ ነው" አሉ። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ? ትርንጎን አገኘሁ፤ ሱቄን፣ ሰፈሬን፣ የእናቴን ደጃፍ በአንድ ትንፋሽ አጣሁ። እናቴን አየኋት። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር።

"ልጅ መናፈቅ የገባው ሰው ነው" አለችኝ ቀስ ብላ። "እሺ እላለሁ። አንተ ግን በየሳምንቱ!"

አቶ ቢያድግልኝ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ለእናቴ ሰጧት።

"እርስዎ ጋ ይቀመጥ፣ እመይቴ። የቀረ ቀን ማኅተሙን ያሳዩት።"

ለትርንጎ ደወልሁ። ታለቅሳለች ብዬ ነገሩን አለሳልሼ ነገርኋት።

"ከእኔ ስፌት ቤት ጎን አንድ ክፍል አለ" አለች ወዲያው። "ለስልክ ጥገና ይመቻል። መስኮቱ ሰፊ ነው።"

"መቼ ነው ያየሽው?"

"ሽማግሌ ልልክ ነው ያልኸኝ ዕለት።"

ስልኳን ሦስት ጊዜ የሰበረች ልጅ መሆኗን መርሳት አልነበረብኝም።

አሁን ቡሬ ነኝ። ሠርጉም አለፈ። መስኮቱ እውነትም ሰፊ ነው። አማቴ በየሁለት ቀኑ ከብት ወደ መስክ ከተሰማራ በኋላ ብቅ ብለው፣ ልጃቸውን አይተው፣ እኔን "አውሮፕላኑ እንዴት ነው?" ብለው ሳይመሽ ይመለሳሉ። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ መጨረሻ እበራለሁ። ቅዳሜ ሳይነጋጋ ከቡሬ ተነሥቼ፣ ጅጋ ላይ ገበያው እስኪፈታ ቁጭ ብዬ፣ ከብት ሲገባ እደርሳለሁ። እሑድ ደግሞ እንዲሁ ቁልቁል። አንድ ሳምንት ታምሜ ብቀር እናቴ ደወለች።

"ሠላሳ አራት ደቂቃ ላይ ተቀምጠህ! ሠላሳ አራት ደቂቃ!"

"እማዬ፣ እሱ እኮ በአውሮፕላን ነው..."

"ወረቀቱ ላይ አውሮፕላን የሚል የለም። መሪጌታን አስነብቤያቸዋለሁ።"

ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች፣ በመስታወት። መስታወቱን የገጠምሁት እኔ ነኝ። ጎረቤት ገብቶ "ልጅሽ ወዴት ሄደ?" ሲላት አገጯን ወደ ቡሬ ቀና ታደርግና "ያውና!" ትላለች አሉ። አጭር፣ ቁርጥ ያለች "ያውና"፤ ትንፋሽ የማትፈጅ።

ይህን የምጽፍላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ፣ ቡሬ መናኸሪያ። ልንነሣ ነው።

አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን።